ቁጠባ አለኝ፤ በሕመም ጡረታ ብወጣ ይቀነስብኛል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሠራተኞች የአሠራር መመሪያ

ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚለያየው ጠያቂው ነው። አንዱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ወገቡ እምቢ ያለው ነው። ሌላዋ ደሴ ላይ የምታስተምር፣ ዓይኗ እየደከመ የመጣ መምህርት ናት። ሁለቱም ግን እንዲህ ይላሉ፦ «ባንክ ያስቀመጥኳት ብር አለች። በሕመም ጡረታ ልውጣ ብል ያቺን አይተው ይቀንሱብኛል? ቀድሜ በልጄ ስም ላዙራት?»

አታዙሯት። አይቀነስም። ገንዘቡን የሚያሳጧችሁ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ይህ መመሪያ ደመወዝ ተቆርጦለት መዋጮ ሲከፈልለት ለኖረ ሰው ነው፤ የመንግሥትም ሆነ የግል ሠራተኛ። ሴፍቲኔት ውስጥ ላላችሁ መጨረሻ ላይ ለብቻው ጽፌያለሁ፤ የእናንተ ነገር የተለየ ስለሆነ እሱን ሳታነቡ እንዳትሄዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትሰበስቡት

- የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ፤ ስማችሁ በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል የተጻፈ መሆኑን እዩ
- የጡረታ መለያ ቁጥር
- የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪና የዝውውር ደብዳቤዎች
- የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት የደመወዝ ማስረጃ (ከፔሮል የወጣ ወይም ደመወዝ የሚገባበት ባንክ ስቴትመንት)
- ከዚህ በፊት የሠራችሁባቸው ቦታዎች ሁሉ የሥራ ልምድና መልቀቂያ
- የሕክምና ካርድ፣ የራጅና የምርመራ ውጤት፣ የተሰጣችሁ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ሁሉ
- ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ አሠሪው የያዘው የአደጋ ሪፖርት ኮፒ
- የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃ

ሁሉንም ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጉ። ዋናውን ለማንም አትተዉ፤ አሳይታችሁ መልሳችሁ ያዙ።

1. ገንዘቡ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

በአገራችን አካል ጉዳት ወይም ከባድ ሕመም የደረሰበት ሰው ገንዘብ የሚያገኝባቸው ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። አንደኛው በመዋጮ የመጣ መብት ነው። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የሚገዛው ይሄን ነው። እዚህ ላይ «ምን ያህል ንብረት አለህ?» ተብሎ አይጠየቅም። የሚታየው ስንት ዓመት እንደተዋጣ፣ ደመወዛችሁ ስንት እንደነበረና ጤናችሁ ነው። የባንክ ቁጠባ፣ ቤት፣ እቁብ፣ እድር፣ ዓረብ አገር ያለች እህት የምትልከው ብር፣ ራሳችሁ የገዛችሁት የሕይወት ኢንሹራንስ አንዳቸውም ስሌቱ ውስጥ አይገቡም።

ሁለተኛው ለችግረኛ ተብሎ የሚሰጥ ድጋፍ ነው፤ ሴፍቲኔት የሚባለው። እዚያ ያለው ሀብትና ገቢ ይታያል።

ይህ መጀመሪያ የገባው ምክንያት አለ። ሰው ሴፍቲኔት ላይ ስለ ንብረት ሲጠየቅ ያየውን ጎረቤቱን አስታውሶ ጡረታውንም ይፈራል። ከዚያ ቁጠባውን አውጥቶ ለዘመድ ይሰጣል። ብሩ ሄዶ ይቀራል፤ ጡረታው ላይ ግን አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

2. ጉዳቱ ከሥራ የመጣ ነው ወይስ አይደለም?

ይህን ካልለያችሁ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይምታታል።

*ከሥራ ጋር ያልተያያዘ* ሕመም ወይም ጉዳት ከሆነ (ስኳር ያስከተለው ጉዳት፣ ስትሮክ፣ እቤት የደረሰ መውደቅ) የምትጠይቁት የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ነው። ለዚህ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። 10 ዓመት ካልሞላ ወርኃዊ አበል የለም፤ በአገልግሎታችሁ ልክ የሚሰላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚኖረው።

*በሥራ ላይ የደረሰ* ጉዳት ወይም ከሥራው የመጣ በሽታ ከሆነ የ10 ዓመቱ ነገር አይጠየቅም። በተቀጠራችሁ በ2ኛው ወር ማሽን እጃችሁን ቢይዘው መብቱ አለ። የማስታወስ ነገር ካለ ይሄ ነው፦ ድርጅቱ ባዘጋጀው ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የሚደርስ አደጋም በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ከደሴ በሰርቪስ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትገቡ ሠራተኞች ይሄን ልብ በሉ። ራሳችሁ የሕዝብ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አደጋው በደረሰ ቀን ሪፖርት ይጻፍ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማሽኑ፣ ያዩ ሰዎች ስም ይግባበት። «ቀላል ነው፣ ይሻለኛል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ከ6 ወር በኋላ ትከሻው አልነሳ ሲል ግን ጉዳቱ ፋብሪካ ውስጥ ይሁን እቤት የሚያውቅ ወረቀት አይኖርም። አለቃው ካልጻፈ እናንተ በማመልከቻ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ኮፒያችሁ ላይ አስመቱ።

3. አገልግሎታችሁን በወረቀት ቁጠሩ

በቃል «አሥራ ምናምን ዓመት» አይሠራም። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የት፣ በምን ደመወዝ የሚል ሠንጠረዥ ሥሩ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁትና በግል ድርጅት የሠራችሁት ይደመራል። 6 ዓመት ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ 5 ዓመት ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሠራችሁ 11 ዓመት ነው። ብዙ ሰው የበፊቱን «ያ አለፈ» ብሎ ይተወዋል፤ በዚህም ምክንያት ወርኃዊ አበል ሲገባው ዳረጎት ይዞ ይወጣል።

የሚቆጠረው መዋጮ የተከፈለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የተቆረጠባችሁ ብር ገቢ መሆኑን አጣሩ። ፔሮል ላይ ተቆርጦ ያልገባ አለ። ካልገባ አሠሪው በሕግ ይጠየቅበታል፤ ነገር ግን ጥያቄው ድርጅቱ በር ሳይዘጋ ቢነሳ ነው የሚያዋጣው።

ፕሮቪደንት ፈንድ (በድርጅቱ ውስጥ ከሠራተኛውና ከአሠሪው መዋጮ የሚጠራቀም ገንዘብ) የነበራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ለዩ። ፈንዱ ከጡረታው *በተጨማሪ* የነበረ ከሆነ ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ፤ ጡረታችሁን አይነካም። በጡረታው *ፋንታ* የነበረ ከሆነ ግን ያ ዘመን የጡረታ መዋጮ የለውም። ወደ ጡረታ ተዛውሮ እንደሆነ ከኤች አር (ከሰው ሀብት ክፍል) በደብዳቤ አረጋግጡ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴም በኮምቦልቻም የብዙ መሥሪያ ቤት ማህደር ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል። «ፋይልህ የለም» ከተባላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ደመወዝ ይገባበት የነበረውን ባንክ የድሮ ስቴትመንት ጠይቁ። አሠሪው ለገቢዎች ያቀረበው የወር ዝርዝር ላይ ስማችሁ ሊኖር ይችላል። እጃችሁ ላይ ያለች አንዲት የጭማሪ ደብዳቤ እንኳ ቀንና ቁጥር ስላላት ሌላውን ለመፈለግ መነሻ ትሆናለች።

4. ስንት እንደሚደርሳችሁ ራሳችሁ አስሉት

ካልኩሌተር ይበቃል። ይህን ቀድማችሁ ማወቁ ቢሮ ውስጥ የሚነገራችሁን ቁጥር ለማመሳከር ይረዳል።

*የጤና ጉድለት ጡረታ፦* የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ውሰዱ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ነው። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ጨምሩ። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። (ወታደርና ፖሊስ የሚጨመረው ከዚህ ከፍ ይላል።)

አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር፣ አገልግሎቱ 16 ዓመት የሆነ ሰው እንውሰድ። 6 ዓመት በ1.25 ሲባዛ 7.5 ይሆናል። ከ30 ጋር 37.5 በመቶ። የ8,000 ብር 37.5 በመቶ 3,000 ብር ነው፤ በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ።

*የጉዳት ጡረታ፦* በሥራ ላይ ጉዳት 10 በመቶና ከዚያ በላይ የመሥራት ችሎታውን ያጣና ሥራ መሥራት የማይችል ሰው፣ ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ያገኝ የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ይከፈለዋል። ከ8,000 ብር 3,760 ብር ማለት ነው።

*የጉዳት ዳረጎት፦* ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ሰውየው አሁንም መሥራት ከቻለ ወርኃዊ የለም፤ አንድ ጊዜ ይከፈላል። የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ይባዛል፣ ከዚያ በጉዳቱ መጠን። ሐኪሞቹ 20 በመቶ ካሉ፦ 3,760 በ60፣ 225,600 ብር፤ የዚህ 20 በመቶ 45,120 ብር።

ሁለት አበል አንድ ላይ አይበላም። የጤና ጉድለትም የጉዳትም ጡረታ የሚገባው ሰው የሚበልጠው ነው የሚከፈለው። የትኛው ይበልጣል? ደመወዙ ተመሳሳይ ነው ብለን ብናሰላ፣ እስከ 23 ዓመት ከምናምን አገልግሎት ድረስ 47 በመቶው ይበልጣል። 24 ዓመት የሞላው ሰው ግን በአገልግሎቱ የሚሰላው ሊበልጥለት ስለሚችል ሁለቱንም እንዲያሰሉለት ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። «ደመወዝ» ሲባል የመደበኛ የሥራ ሰዓት ደመወዝ ነው፤ ግብር ከመቆረጡ በፊት ያለው። ትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ አይገባም። በወር 9,500 ብር እጁ የሚገባ የሽፍት ሠራተኛ መሠረታዊ ደመወዙ 5,000 ሊሆን ይችላል፤ የሚሰላው በ5,000ው ነው።

5. ሥራችሁን ራሳችሁ አትልቀቁ

ከዚህ መመሪያ አንድ ቁራጭ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ። የጤና ጉድለት ጡረታ የሚሰጠው *በጤና ምክንያት* ከሥራ ለተሰናበተ ሰው ነው። «በግል ጉዳይ ምክንያት በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ማህደሩ ላይ በጤና የወጣችሁ ሰው አይደላችሁም። 10 ዓመት ሞልቷችሁ እንኳ ቢሆን አበላችሁን እስከ ጡረታ ዕድሜ ትጠብቃላችሁ። የ42 ዓመት ሰው እስከ 60 መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

አንዳንድ ቦታ ክሊራንስ ቶሎ እንዲያልቅ «እንዲህ ብለህ ጻፍና እንጨርስልህ» ይባላል። አትጻፉ። የሚሻለው የሕመም ፈቃዱን መጠቀም ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ድርጅት ያለ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይለያል፦ 3 ወር ሙሉ፣ 3 ወር 75 በመቶ፣ ቀጥሎ 6 ወር 50 በመቶ። የሕክምና ወጪውም የአሠሪው ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳችሁ ሕግ የተለየ ፈቃድ ስላላችሁ ከሰው ሀብት ጠይቁ።

ቁጠባችሁ የሚጠቅማችሁም እዚህ ጋ ነው። ያለ ክፍያ የሚቆዩባቸው ወራትና የጡረታው ጉዳይ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ አሉ። ቁጠባውን ቀድሞ ለዘመድ የሰጠ ሰው ነው «በቃ የሚሉኝን ልፈርም» የሚለው።

6. ወደ ሕክምና ቦርድ ሂዱ

የአንድ ሐኪም ወረቀት አይበቃም። መሥሪያ ቤታችሁ በደብዳቤ ወደ ሕክምና ቦርድ እንዲልካችሁ ጠይቁ። ያለ ደብዳቤ ሆስፒታል ሄዶ ወረፋ መያዝ ቀን ማቃጠል ነው። ደብዳቤው የሥራ መደባችሁንና የሥራውን ጠባይ ቢያብራራ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ቦርዱ የሚመልሰው «ይህ ሰው ታሟል?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን ሥራውን መሥራት ይችላል ወይ የሚለውን ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ የሽመና ማሽን ኦፕሬተርና ተቀምጣ የምትሠራ ገንዘብ ያዥ በአንድ ዓይነት ጉልበት ሕመም እኩል አይጎዱም።

የቦርዱን ወረቀት ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ጉዳቱ ዘላቂ ነው ወይስ ጊዜያዊ? በሥራ ላይ ጉዳት ከሆነ በመቶኛ ተጽፏል? ማኅተም አለው? ስማችሁ ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው? «ቀላል ሥራ ይሰጠው» የሚል ከሆነ ያ ጡረታ አይደለም፤ ወደ አሠሪያችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ የሚመጥን ሥራ ከሌለው በጽሑፍ ይመልስ።

7. ብድርና የቁጠባ ማኅበር ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ዝጉት

የሠራተኛ ቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ያለ ቁጠባ የእናንተ ነው። ነገር ግን ከማኅበሩ ብድር ካለባችሁ መጀመሪያ ከቁጠባው ላይ ይካካሳል። ዋስ የሆናችሁለትም ሰው ካለ ጣጣው ይከተላችኋል። ስለዚህ ሒሳቡን ቀድማችሁ አስወጡ፤ ክሊራንስ ላይ እንግዳ ነገር እንዳይሆንባችሁ። ከጸደይ ባንክ (ከድሮው አብቁተ) ወይም ከሌላ ባንክ በደመወዝ የተበደራችሁ ደግሞ ገቢያችሁ ከግማሽ በታች ሊወርድ ስለሚችል ወርኃዊ ክፍያው እንዲስተካከል አሁኑኑ ተነጋገሩ። የጡረታ አበል በመያዣነት የሚሰጥ ነገር አይደለም።

8. ማመልከቻውን አስገቡ

የመንግሥት ሠራተኛ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ የግል ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ተሳስቶ የሚሰለፍ ሞልቷል። ማመልከቻው በአሠሪው በኩል የሚሞሉ ቅጾች ስላሉት ኤች አርን ሳትይዙ አትሂዱ። ለጡረታው የሚሆን በስማችሁ ብቻ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይኑራችሁ። የጋራ ሒሳብ ኋላ ላይ የማንነት ማረጋገጫ ሲጠየቅ ያጨቃጭቃል።

ውሳኔው ካልጣማችሁ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በቃል «አይሆንም» የተባለ ነገር ላይ ይግባኝ የለም። የደረሳችሁበትን ቀን ጻፉበት፣ የይግባኝ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ እዚያው ጠይቁ፤ ቀጥሎ ያለው ቦታ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው።

ሴፍቲኔት ውስጥ ላላችሁ ወይም ለመግባት ለምታስቡ

ደሴ የከተማ ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። መሥራት ለማይችሉ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው አለ፤ ሥራ ሳይጠየቁ የሚከፈል። እዚህ የቤተሰቡ ኑሮ ይታያል፦ ገቢ፣ ቤት፣ ዕቃ፣ ከውጭ የሚላክ ብር። በየሠፈሩ ያለው ኮሚቴም ያውቃችኋል። ወርኃዊ ጡረታ የሚያገኝ ሰው ያ ገቢው ይቆጠራል። ስለዚህ ጡረታው ሲጀምር ራሳችሁ ተናገሩ፤ ሌላ ሰው እስኪጠቁም አትጠብቁ።

በሥራ የሚሳተፉት ግን ከክፍያቸው 20 በመቶ እንዲቆጥቡ ራሱ ፕሮግራሙ ያስገድዳል። ስለዚህ በዚያ ደብተር ላይ ያለ ቁጠባ እንደ ጥፋት አይታይም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- *ስም።* «መሐመድ»፣ «ሙሐመድ»፣ «መሃመድ» በሦስት ሰነድ ላይ። ወሎ ውስጥ ጉዳይ የሚያዘገይ እንደዚህ ያለ ነገር የለም። የቦርዱ ወረቀት ከመውጣቱ በፊት አስተካክሉ።
- *የዕድሜ ልዩነት።* ሲቀጠሩ የሞሉት የልደት ቀንና መታወቂያ ላይ ያለው አይገጥምም።
- *የጤና መድን ካርድን መፍራት።* የማኅበረሰብ ጤና መድን አባልነት ጡረታን አይቀንስም። አሳድሱት።
- *በጉዳይ አስፈጻሚ መተማመን።* «በመቶኛውን አስጨምርልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ራቁ። ሐሰተኛ የቦርድ ወረቀት ሲገኝ የተከፈለው ይመለሳል፤ ከዚያም ክስ አለ።
- *ጡረታ እየበሉ ሳያሳውቁ መቀጠር።* ሌላ ሥራ ካገኛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ያላግባብ የተከፈለ አበል ኋላ ተቆጥሮ ይጠየቃል።
- *10 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩ መውጣት።* 9 ዓመት ከ8 ወር ላይ ያለ ሰው ያሉትን የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ ቆጥሮ፣ መዋጮው ሳይቋረጥ እንዴት እንደሚሞላለት ከኤች አር ጋር ቁጭ ብሎ ያስላ። በዳረጎትና በዕድሜ ልክ አበል መካከል ያለው እነዚያ 4 ወራት ናቸው።